ጥናቱ ሌላ፣ የብድር ውሉ ሌላ

ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት፣ ሁላችንም አይኤምኤፍ የምንለው፣ ለአንድ አገር ብድር ሲያጸድቅ ወፍራም ሰነድ ያወጣል። ሰነዱ ድረ ገጹ ላይ ይለጠፋል። ማንም ከፍቶ ማንበብ ይችላል። የፊት ገጾቹ ላይ ስለ ድሆች፣ ስለ ሴቶች፣ ስለ ጤናና ስለ ትምህርት ብዙ መልካም ነገር ይጻፋል። "አካታች ዕድገት" የሚለው ቃል ደጋግሞ ይመጣል።

ወደ መጨረሻው ሲኬድ ግን አንድ ሰንጠረዥ አለ። ለእኔ የሰነዱ ልብ እሱ ነው። ሰንጠረዡ ሁለት ክፍል አለው። የላይኛው "የአፈጻጸም መስፈርት" ነው። የበጀት ጉድለቱ ከዚህ አይበልጥም፣ የውጭ ምንዛሪ ክምችቱ ከዚህ አይወርድም፣ ማዕከላዊ ባንኩ ለመንግሥት ከዚህ በላይ አያበድርም ይላል። ከእነዚህ አንዱ ከተጣሰ ቀጣዩ ክፍያ ይያዛል። እንዲለቀቅ ቦርዱ ተሰብስቦ "ይሁን" ማለት አለበት። የታችኛው ክፍል "አመላካች ግብ" ይባላል። ይሄኛው ሳይሳካ ቢቀር ግምገማው ላይ ይነሳል፣ ማብራሪያ ይጠየቅበታል። ብድሩን ግን በራሱ አያስቆምም። ለጤና፣ ለትምህርትና ለድሆች ድጋፍ መውጣት ያለበት ዝቅተኛ ወጪ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው እዚህ ታች ነው።

እንግዲህ አይኤምኤፍና እህት ተቋሙ የዓለም ባንክ ስለ ሀብትና ገቢ ልዩነት ምን ያስባሉ ለሚለው ጥያቄ መልሱ እንደምናነበው ገጽ ይለያያል። ተመራማሪዎቻቸው ላለፉት 15 ዓመታት የጻፉትን ያነበበ ሰው "ሐሳባቸውን ቀይረዋል" ይላል። እውነቱን ነው፤ ቀይረዋል። ሰንጠረዡን ያየ ሰው ደግሞ "የት አለ ለውጡ?" ይላል። እሱም እውነቱን ነው። ይህ ጽሑፍ በሁለቱ መካከል ስላለው ርቀት ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

"ጊዜውን ጠብቆ ይጠባል"

አይኤምኤፍና የዓለም ባንክ የተጠነሰሱት በ1944 ብሬተን ዉድስ በምትባል የአሜሪካ ስፍራ፣ 44 አገሮች በተገኙበት ጉባኤ ነው። ያኔ የሁሉም ጭንቀት ጦርነቱ ያፈረሰውን መጠገንና የ1930ዎቹ ዓይነት የኢኮኖሚ ቀውስ ተመልሶ እንዳይመጣ ማድረግ ነበር። በአንድ አገር ውስጥ ሀብቱ ለማን ደረሰ የሚለው ጥያቄ እንደ ባለቤቱ የጓዳ ጉዳይ ታለፈ።

ቀጥሎ ለረጅም ጊዜ የነገሠው የሳይመን ኩዝኔትስ ሐሳብ ነው። እኚህ ኢኮኖሚስት በ1955 ባሳተሙት ጽሑፍ አንድ አገር ከግብርና ወደ ኢንዱስትሪ ሲሻገር ልዩነቱ መጀመሪያ ይሰፋል፣ በኋላ ይጠባል ብለው ገመቱ። በመስመር ሲሳል ወጥቶ የሚወርድ ኮረብታ ይመስላል። ለፖሊሲ ሰዎች ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር። መጀመሪያ ዕድገቱ ይምጣ፤ ልዩነቱ ጊዜውን ጠብቆ ይጠባል።

ኩዝኔትስ ራሳቸው ግን የተከታዮቻቸውን ያህል እርግጠኛ አልነበሩም። በዋናነት የተመለከቱት የአሜሪካን፣ የእንግሊዝንና የጀርመንን ቁጥሮች ነው። ጽሑፋቸው ምናልባት 5 በመቶው መረጃ፣ 95 በመቶው ግምት እንደሆነም እዚያው ላይ በግልጽ አስቀምጠዋል። ይህን ያህል ቅን ማስጠንቀቂያ የያዘ ጽሑፍ እንዴት እንደ ሕግ ተቆጠረ? እኔ የሚመስለኝ ምቹ ስለነበረ ነው። ማንንም አያስቀይምም። ከባለጸጋው ላይ ግብር ሰብስቡ አይልም፤ መሬት አከፋፍሉ አይልም። ጠብቁ ብቻ ነው የሚለው። መጠበቁ ደግሞ የሚከብደው ለሚጠብቀው ሰው ነው፤ ለመካሪው አይደለም።

በመሐሉ ሌላ ድምፅ አልጠፋም። ሮበርት ማክናማራ የዓለም ባንክ ፕሬዚዳንት ሳሉ፣ በ1973 ናይሮቢ ላይ ባደረጉት ንግግር፣ ዕድገቱ ከታች ላለው 40 በመቶ ሕዝብ በሚገባ እየደረሰ እንዳልሆነ በይፋ ተናገሩ። በዓመቱ የባንኩ ኢኮኖሚስት ሆሊስ ቸነሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ዕድገትንና ክፍፍልን አብሮ ማስኬድ ይቻላል የሚል ጥናት አወጡ። ጅምሩ ግን አልሰነበተም። በኦገስት 1982 ሜክሲኮ ዕዳዬን መክፈል አቃተኝ አለች። ብዙ አገሮች ተከተሏት። የክፍፍሉ ወሬ እዚያው ላይ ተቋረጠ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ አልቆይበትም። የመዋቅር ማስተካከያ ፕሮግራም መጣ። ድጎማ ተነሳ፣ የመንግሥት ድርጅት ተሸጠ፣ ገበያ ተከፈተ፣ በብዙ አገር ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት ክፍያ ጀመሩ። ዩኒሴፍ በ1987 ማስተካከያው የሰው ፊት ይኑረው ብሎ ሲጮኽ ጉዳቱ ሕፃናት ላይ መታየት ጀምሮ ነበር። በ1999 ሁለቱ ተቋማት የድህነት ቅነሳ ስትራቴጂ የሚባለውን አሠራር አመጡ። ቃሉን ልብ በሉልኝ፤ "ድህነት" ነው የተባለው፣ "ልዩነት" አልተባለም።

ሁለቱ አንድ አይደሉም። ስለ ድህነት ስናወራ ዓይናችን ታች ያለው ሰው ላይ ነው። ይህ ሰው ስንት አለው፣ ስንት ጎደለው እንላለን። ስለ ልዩነት ስናወራ ግን ላይ ያለውም ሰው ወደ ሥዕሉ ይገባል። ግብር ከማን ይሰበሰባል፣ መሬቱ በማን እጅ ነው፣ ባንክ ለማን ያበድራል የሚሉ ጥያቄዎች አብረው ይመጣሉ። ለአበዳሪ ድህነትን መቀነስ ማንንም ሳያስቀይም የሚነገር ነገር ነው። ልዩነትን መቀነስ ግን ከአንዱ ወገን ጋር ያጣላል።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ይህን አመለካከት የሚያጠናክር ጥናት ከራሱ ከባንኩ ወጣ። ዴቪድ ዶላርና አርት ክራይ የ92 አገሮችን መረጃ አይተው፣ አማካይ ገቢ ሲያድግ የታችኛው 20 በመቶ ሕዝብ ገቢም በአማካይ በዚያው መጠን ያድጋል አሉ። መልእክቱ ብዙዎች ጋ የደረሰው "ዕድገቱ ላይ አተኩሩ፤ ለድሃውም ይበቃል" ተብሎ ነው።

ስሌቱን ትንሽ ጠጋ ብለን እንየው። አንዱ ሰው 100 ያገኛል፣ ሌላው 1,000። የሁለቱም ገቢ በ10 በመቶ አደገ እንበል። የመጀመሪያው 110፣ ሁለተኛው 1,100 ሆነ። በመቶኛ ሲታይ ልዩነቱ ባለበት ነው። በእጅ በሚቆጠር ገንዘብ ግን 900 የነበረው ክፍተት 990 ደረሰ። ድሃው 10 ሲጨመርለት ሌላው 100 ተጨመረለት። መሬት ሲሸጥ፣ የቤት ኪራይ ሲወጣ፣ የግል ትምህርት ቤት ክፍያ ሲጨምር፣ ሰዎቹ የሚሻሙት በመቶኛ አይደለም። በገንዘብ ነው።

ተመራማሪዎቹ ሲናገሩ

የ2008ቱ የፋይናንስ ቀውስ ብዙ ነገር አናጋ። ለውጡ ፈጥኖ የታየው ደግሞ ብዙ ሰው ባልጠበቀበት ቦታ ነው፤ አይኤምኤፍ የጥናት ክፍል ውስጥ። በ2011 አንድሩ በርግና ጆናታን ኦስትሪ ጥያቄውን ገልብጠው አነሱት። ዕድገት እንዴት ይጀመራል የሚለውን ትተው፣ የተጀመረው ዕድገት ለምን በአንዳንድ አገር ቶሎ ይቋረጣል ብለው ጠየቁ። ያገኙት ነገር ልዩነቱ ጠበብ ያለባቸው አገሮች ዕድገት ረዘም ላለ ጊዜ እንደሚቆይ ነው። በ2014 ቻራላምቦስ ጻንጋሪደስን ጨምረው ቀጠሉበት። ግብርና ድጋፍን ተጠቅሞ ሀብት ማከፋፈል ዕድገትን ይገድላል የሚለው የቆየ ፍርሃት፣ በጣም ከበዛው ዓይነት በስተቀር፣ በመረጃው እንዳልተደገፈ አሳዩ።

በ2015 ደግሞ ከድርጅቱ ሌላ ጥናት ወጣ። የላይኛው 20 በመቶ ሕዝብ ከአገሪቱ ገቢ የሚወስደው ድርሻ በ1 ነጥብ ሲጨምር፣ በቀጣዮቹ አምስት ዓመታት ዕድገት በ0.08 ነጥብ ዝቅ ይላል። የታችኛው 20 በመቶ ድርሻ በ1 ነጥብ ሲጨምር ግን ዕድገት በ0.38 ነጥብ ከፍ ይላል። ቁጥሮቹ ትንንሽ ይመስላሉ። አቅጣጫቸው ግን "ሀብታሙ ይክበር፤ ወደ ታች ይንጠባጠባል" ከሚለው ሐሳብ ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚመስጠኝ ግን በ2013 የወጣው ነው። አራት የአይኤምኤፍ ጥናት ጸሐፊዎች የ17 የበለጸጉ አገሮችን የ30 ዓመት ያህል ታሪክ አጠኑ። ጥያቄያቸው መንግሥት ቀበቶውን ሲያጠብቅ ማን ይጎዳል የሚል ነበር። መልሱ ግልጽ ነው። ወጪ ሲቀነስና ጉድለት ሲጠብ የገቢ ልዩነት ይሰፋል፣ የደመወዝተኛው ድርሻ ይቀንሳል፣ ለረጅም ጊዜ ሥራ አጥቶ የሚቀመጠው ሰው ይበዛል። ማጥበቁ ግብር በመጨመር ሳይሆን ወጪ በመቁረጥ ሲመጣ ጉዳቱ ይብሳል። በዚያው ዓመት ዋና ኢኮኖሚስቱ ኦሊቪዬ ብላንሻርና ዳንኤል ሊ፣ በአውሮፓ ቀውስ መጀመሪያ ላይ የወጪ ቅነሳው ኢኮኖሚውን ምን ያህል እንደሚያደቅ አሳንሰን ገምተን ነበር የሚል ጽሑፍ አወጡ።

ይህን በቀላሉ ማለፍ አይገባም። አንድ ትልቅ ተቋም ስለ ራሱ ስህተት በራሱ ሰዎች እጅ ሲጽፍ ማየት ብርቅ ነው። በ2016 ኦስትሪና ሁለት ባልደረቦቻቸው በድርጅቱ መጽሔት ላይ ኒዮሊበራሊዝም (ገበያን መክፈትንና የመንግሥትን ድርሻ መቀነስን የሚያስቀድመው አስተሳሰብ) ከሚገባው በላይ ተወድሷል ወይ ብለው እስከ መጠየቅ ደረሱ። ክሪስቲን ላጋርድ ድርጅቱን በመሩበት ዘመን ልዩነት የንግግራቸው ቋሚ ርዕስ ነበር። ክሪስታሊና ጆርጂዬቫም ቀጥለውበታል። በኤፕሪል 2021 ድርጅቱ ከኮቪድ በኋላ ከፍተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች ለጊዜው ተጨማሪ ግብር ቢከፍሉ ጥሩ ነው ሲል ሐሳብ አቀረበ። ከ20 ዓመት በፊት ይህን ከአይኤምኤፍ እንሰማለን ብሎ የጠበቀ ሰው ያለ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። ጥናቶቹን አንድ ላይ ስናያቸው የሚሉት "ልዩነት መጥፎ ነው፤ ምክንያቱም ዕድገትን ይጎዳል" ነው። ነገ ሌላ ጥናት መጥቶ "ኧረ ዕድገትን አይጎዳም" ቢልስ? ልዩነቱ ደህና ነገር ሊሆን ነው? እናት በወሊድ ምክንያት የምትሞትበት መንደርና የግል አውሮፕላን ያለው ሰው በአንድ አገር ሲኖሩ፣ ችግሩ የዕድገቱ መጠን በ0.08 ነጥብ መውረዱ ብቻ አይደለም። ተቋማቱ ቻርተራችን የኢኮኖሚ ጉዳይ እንጂ የፍትሕ ጉዳይ እንድናነሳ አይፈቅድልንም ይሉ ይሆናል። ቢሆንም ቋንቋ ሥራን ይመራል። ልዩነትን እንደ ዕድገት እንቅፋት ብቻ የሚያይ ሰው፣ ዕድገቱ እስካልተነካ ድረስ ወደ ኋላ ዞሮ አያይም።

ቆጣሪዋ በሩን ስታንኳኳ

የዓለም ባንክ መንገድ ትንሽ ይለያል። በ2013 ሁለት ግቦች አወጣ። አንዱ አስከፊ ድህነትን በ2030 ወደ 3 በመቶ ማውረድ ነው። ሁለተኛው "የጋራ ብልጽግና" ተባለ፤ የታችኛው 40 በመቶ ሕዝብ ገቢ እንዲያድግ ማድረግ። ጥሩ ግብ ይመስላል፤ ነውም። ግን ስለ ላይኛው ሰው ምንም አይልም። የታችኛው 40 በመቶ ትንሽ አደገ፣ መካከለኛው ቆመ፣ ከላይ ያለው 1 በመቶ ተተኮሰ እንበል። በዚህ መለኪያ አገሪቱ ፈተናውን አልፋለች።

በጁላይ 2023 ከ200 በላይ ኢኮኖሚስቶች ለተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊና ለባንኩ ፕሬዚዳንት ደብዳቤ ጻፉ። ልዩነትን በቀጥታ የሚለካ ግብ ይኑራችሁ አሉ። ጆሴፍ ስቲግሊትዝ፣ ጃያቲ ጎሽና ቶማ ፒኬቲ ከፈራሚዎቹ መካከል ነበሩ። ባንኩም ሰማ። አዲሱ የውጤት መከታተያው ላይ የጂኒ መለኪያቸው ከ40 በላይ የሆነ አገሮችን ቁጥር አስገባ። ጂኒ ማለት ሁሉም እኩል ቢያገኝ 0፣ አንዱ ሰው ሁሉንም ቢወስድ 100 የሚሆን ቁጥር ነው። ባንኩ በ2024 ባወጣው ሪፖርት ከ40 በላይ ያሉት 49 ነበሩ። ይህ እውነተኛ እርምጃ ነው። የማይቆጠር ነገር በበጀት ስብሰባ ላይ አይነሳምና።

ነገር ግን ቁጥሩ ከየት ይመጣል? ከቤት ለቤት ጥናት ነው። እስቲ አሠራሩን እንየው። ቆጣሪዋ ቅጿን ይዛ በር ታንኳኳለች። ባለ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ያለችው እናት በሩን ትከፍታለች። ባለፈው ሳምንት ምን በላችሁ፣ ለምን ስንት አወጣችሁ ተብላ ሁለት ሰዓት ተቀምጣ ትመልሳለች። ቀጥሎ ቆጣሪዋ ረጅም አጥር ያለው ግቢ ጋ ትደርሳለች። ጠባቂው "የሉም" ይላል። ነገም ትመለሳለች፤ ነገም "የሉም" ነው። ቢገኙ እንኳን ባለቤቱ ስለ አክሲዮኑ፣ ስለሚያከራየው ሕንጻና ውጭ አገር ስላለው ሒሳብ ለማያውቃት ሰው አይዘረዝርም። ስለዚህ የድሃው ሕይወት እስከ ጨው ድረስ ይመዘገባል። የሀብታሙ ግን ባዶ ሣጥን ሆኖ ይቀራል፣ ወይም በግምት ይሞላል።

ሌላም አለ። በብዙ ድሃ አገሮች የሚለካው ገቢ ሳይሆን ፍጆታ ነው። ሀብታም ሰው ደግሞ ያገኘውን ሁሉ አይበላም። የሚተርፈው ያስቀምጠዋል፣ ይገዛበታል። ልዩነቱ ያለው እዚያ የተረፈው ውስጥ ነው፤ የፍጆታ ጥናት ደግሞ እሱን አያየውም።

ይህ የባለሙያዎች ክርክር ብቻ አይደለም። ሕንድን እንውሰድ። የዓለም ባንክ በ2025 ባወጣው መግለጫ በፍጆታ የተለካው የሕንድ ጂኒ በ2022/23 25.5 ነበር። በጁላይ 2025 የአገሪቱ መንግሥት ይህን ቁጥር ይዞ በእኩልነት ከዓለም አራተኛ ነን ብሎ አወጀ። በፒኬቲና ባልደረቦቻቸው የሚመራው የዓለም የልዩነት መረጃ ቋት የግብር መረጃን ጭምር አዳብሎ የሠራው የሕንድ የገቢ ጂኒ ግን በ2023 ወደ 62 ይጠጋል። አንድ አገር፣ ተቀራራቢ ጊዜ፣ 25 እና 62። የባንኩ ሰነድ ራሱ የመረጃው ውስንነት ልዩነቱን አሳንሶ ሊያሳይ እንደሚችል ይጠቅሳል። መድረክ ላይ የወጣው ግን 25.5 ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የባንኩ ኃላፊነት ቀላል አይደለም። የእሱ ቁጥር ማኅተም አለው። የታችኛውን ሰው ሣንቲም ለመቁጠር የሚያወጣውን ያህል ጉልበት የላይኛውን ሰው የግብር ሰነድ ለማግኘትም ማውጣት አለበት ባይ ነኝ። አገሮች በስም ያልተገለጸ የግብር መረጃ ለተመራማሪ እንዲከፍቱ ለማድረግ ከባንኩ የተሻለ ጉልበት ያለው ብዙ ተቋም የለም።

የነዳጁ ነገር

የጥናቱና የውሉ ርቀት በተራው ሰው ኑሮ ላይ በግልጽ የሚታየው ነዳጅ ላይ ነው።

የአይኤምኤፍ ክርክር በስሌት ደረጃ ትክክል ነው፤ ይህን ሳልሸራርፍ መናገር አለብኝ። የነዳጅ ድጎማ የሚጠቅመው ብዙ ነዳጅ የሚያቃጥለውን ነው። ድርጅቱ በ2012 ባወጣው ጥናት በታዳጊ አገሮች የላይኛው 20 በመቶ ሕዝብ ከነዳጅ ድጎማ የሚያገኘው ጥቅም የታችኛው 20 በመቶ ከሚያገኘው ስድስት እጥፍ ነው። ባለ ሁለት መኪናው ሰው ታንከሩን በሞላ ቁጥር መንግሥት ከኪሱ ያግዘዋል። በእግሩ የሚሄደው ምንም አይደርሰውም። በዚያ ገንዘብ ክሊኒክ መሥራት ይሻላል ቢባል ማን ይከራከራል?

ችግሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ዋጋው የሚጨምረው በአንድ ሌሊት ነው። ጠዋት ታክሲው ይጨምራል፣ ከሰዓት ቲማቲሙ ይጨምራል። የሚካካስበት ድጋፍ ግን መዝገብ ይፈልጋል። ድሃው ማን ነው ተብሎ መለየት አለበት። ብዙ ጊዜ የሚለየው ደግሞ የቤቱ ጣሪያ ምን ዓይነት ነው፣ ቴሌቪዥን አለው ወይ፣ ስንት ሰው በአንድ ክፍል ያድራል በሚል ነጥብ አሰጣጥ ነው። ይህ ቀመር ሥራ ላይ ሲውል ድሃ ሆነው ሳለ ከዝርዝሩ የሚቀሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። ሥራ አጥቶ ትናንት የወደቀ ሰው የድሮ ቴሌቪዥኑ ገና አልተሸጠም፤ ስለዚህ ቀመሩ ውስጥ ድሃ አይደለም።

በኦክቶበር 2019 ኢኳዶር ከአይኤምኤፍ ጋር ብድር ከተዋዋለች በኋላ የነዳጅ ድጎማ አነሳች። ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አዋጁ ተሻረ። በጁን 2024 ኬንያ ውስጥ የግብር ረቂቅ ወጣቶችን አስቆጣ። ሰዎች ሞቱ፤ ፕሬዚዳንቱ ረቂቁን ሰረዙት። በእነዚህ አገሮች ውሳኔው የመንግሥታቱ ነው፤ ሁሉንም ነገር አበዳሪው ላይ መለጠፍ ልክ አይሆንም። ግን የጉድለቱን ጣሪያና የቀኑን ገደብ የሚያስቀምጠው ያ ሰንጠረዥ ነው። ቀኑ ሲደርስ መንግሥት የሚያነሳው በእጁ ያለውን ነው። የነዳጅ ዋጋና የተጨማሪ እሴት ታክስ በአንድ ደብዳቤ ይቀየራሉ። የባለሀብት ንብረት ላይ ግብር መጣል ግን ምዝገባ ይፈልጋል፣ ፍርድ ቤት አለው፣ ጠበቃ አለው፣ ዓመታት ይወስዳል።

ሌላ መንገድ አለ ወይ? አለ። ኢራን በዲሴምበር 2010 የነዳጅና የሌሎች ነገሮችን ዋጋ ስትጨምር፣ የሚካካሰው ገንዘብ አስቀድሞ በየቤተሰቡ የባንክ ሒሳብ ገብቶ ነበር። ዋጋው የጨመረ ዕለት ሰዎች ገንዘቡን ማውጣት ቻሉ። ድሃ ሀብታም ሳይባል ተሰጠ፤ ለድሃው ደግሞ ያው ገንዘብ ከገቢው አንጻር ትልቅ ነበር። በኋላ የዋጋ ግሽበቱ በላው፤ ያ ሌላ ታሪክ ነው። ቅደም ተከተሉ ግን ሊገለበጥ እንደሚችል አሳይቷል።

ወደ ራሳቸው ቤት

እስካሁን ያወራነው በአገሮች ውስጥ ስላለው ልዩነት ነው። ተቋማቱ ማውራት የሚመቻቸውም ስለዚህኛው ነው። በአገሮች መካከል ስላለው፣ በራሳቸው አዳራሽ ውስጥ ስላለው ግን ድምፃቸው ዝቅ ይላል።

በኦገስት 2021፣ ኮቪድ ዓለምን በያዘበት ሰዓት፣ አይኤምኤፍ 650 ቢሊዮን ዶላር የሚያህል ኤስዲአር አወጣ። ኤስዲአር አገሮች ሲቸገሩ ወደ ጠንካራ ገንዘብ የሚቀይሩት የድርጅቱ መጠባበቂያ ነው። ብድር አይደለም፤ ቅድመ ሁኔታም የለውም። ለችግር ቀን እንዲህ ያለ ነገር መኖሩ ትልቅ ነው። ሲከፋፈል ግን የተከፋፈለው በችግር መጠን ሳይሆን በኮታ ነው። ኮታ፣ ማለትም እያንዳንዱ አገር በድርጅቱ ውስጥ ያለው ድርሻ፣ ደግሞ በመሠረቱ የኢኮኖሚ ስፋትን ይከተላል። አሜሪካ ብቻዋን ወደ 113 ቢሊዮን ዶላር ደረሳት። ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው አገሮች ሁሉ ተደምረው 21 ቢሊዮን ገደማ አገኙ። መላው አፍሪካ 33 ቢሊዮን። የበለጸጉት አገሮች ከድርሻቸው ለድሆቹ እናበድራለን ብለው ቃል ገቡ። የራሱ ሊሆን ይችል የነበረው ገንዘብ ለድሃው አገር በብድር መልክ መጣ።

ድምፅም በኮታ ነው። አሜሪካ 16.5 በመቶ ገደማ ድምፅ አላት። ትልልቅ ውሳኔዎች 85 በመቶ ይፈልጋሉ። ስለዚህ እሷ ሳትፈልግ አይወሰኑም። በዲሴምበር 2023 ኮታው በ50 በመቶ እንዲያድግ ተስማሙ፤ ግን ለሁሉም በነበረው ድርሻ ልክ ነው። መጠኑ አደገ፣ ድርሻው ባለበት ቀረ። ቅድም ያየነው የ100 እና የ1,000 ስሌት ማለት ነው። በኖቬምበር 2024 ከሰሃራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች ቦርዱ ላይ ሦስተኛ ወንበር አገኙ። ወንበሩ ቁምነገር አለው፤ ንግግሩ ላይ አንድ ሰው ይጨመራል። የድምፁ ክብደት ግን ከኮታው ጋር ነው።

ብዙ የተበደረ አገር የሚከፍለው ተጨማሪ ክፍያም አለ። ከተወሰነ መጠን በላይ የተበደረ፣ ማለትም በብዛት የተቸገረ፣ ከመደበኛው ወለድ በላይ ይጨምራል። ብዙ ዓመት ከተጮኸበት በኋላ በኦክቶበር 2024 ድርጅቱ ቀነሰው። የተበዳሪዎቹን ወጪ በዓመት ወደ 1.2 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያቃልል አስታወቀ። ይህን የማነሳው ለነቀፋ ብቻ አይደለም። ጩኸት ውሉን ሊቀይር እንደሚችል ያሳያል። ጥናት ብቻውን ያላደረገውን ግፊት አድርጎታል።

የዓለም ባንክም ቢሆን ተመሳሳይ ነገር አሳልፏል። ለዓመታት አገሮችን ለንግድ ባላቸው ምቹነት የሚያወዳድር ሪፖርት ያወጣ ነበር። በዚያ ደረጃ አሰጣጥ ኩባንያ ላይ የሚጣል ግብር ዝቅ ሲል ነጥብ ይጨምር ነበር። መንግሥታትም ደረጃቸውን ለማሻሻል ይሯሯጡ ነበር። በአንድ ፎቅ ላይ ለጤና ብዙ አውጡ ይባላል፣ በሌላው ፎቅ ግብር ለሚቀንስ ነጥብ ይሰጣል። በሴፕቴምበር 2021 በመረጃ ማዛባት ምክንያት ሪፖርቱ ቆመ። የቆመው በመዛባቱ እንጂ መልእክቱ ከባንኩ የራሱ ግብ ጋር ስለሚጋጭ አልነበረም።

ስለዚህ አዲስ የብድር ሰነድ ሲወጣ ከፊት ገጾቹ አልጀምርም። በቀጥታ ወደ ሰንጠረዡ እሄዳለሁ። መጀመሪያ የማየው የጤናና የድሆች ድጋፍ ወጪው በየትኛው ክፍል እንደተቀመጠ ነው፤ ላይ ነው ወይስ ታች። ቀጥሎ የተጠየቀው ግብር ከማን እንደሚሰበሰብ አያለሁ። የመጨረሻው የቀኖች ዝርዝር ነው። ዋጋ የሚጨምርበት ቀን ይጻፋል። ድጋፉ ሰው እጅ የሚደርስበት ቀንም፣ ከተጻፈ፣ እዚያው ይገኛል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ የትኛው እንደሚቀድም አያለሁ።